ጾመኛው ሽጉጥ

የተባባልነውን ቃል በቃል ላላስታውስ እችላለሁ። የአንኮበሩ ጋሽ ታደለ የኢላማ መለማመጃ ሽጉጣቸውን፣ የመምቻውን መርፌ የሚገፋውን የደከመ ሞላ ሊያስቀይሩ ደብረ ብርሃን ወደምሠራበት መጠገኛ ይዘው መጡ። «ጥይት ጎርሷል እንዴ?» አልኳቸው። «እሱማ እንደኔ ጾመኛ ነው! ትናንት ልጄ ስትወለውለው ቃታውን ስባ አይታዋለች፤ ቀጭ ብሎ ቀረ» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ግን ነገር ካላየሁ አላምንምና አፈሙዙን ወደ አሸዋው ከረጢት አዙሬ ከፈትኩት። አንድ ጥይት ጠረጴዛው ላይ ዱብ አለ።

ጋሽ ታደለ ኮፍያቸውን አወለቁ። «እናቷ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ነበር እኮ» አሉ። አሮጌውን ሞላ አውጥቼ ከአዲሱ ጎን ሳስቀምጠው አጥሯል፤ ልፍስፍስ ብሏል። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ጥይቱን በማጉያ መነጽር አየሁት። ቂጡ ላይ የመምቻው መርፌ ቀለል አድርጎ ወግቶታል።