ዓለም አቀፍ ሴራ

እዚህ ጂማ የዓለም አቀፍ ሕግ ማስተርስ ሲጀመር ተማሪው እፍኝ አይሞላም ነበር፤ ዘንድሮ ከኬንያ ሳይቀር እየመጡ የሚከራይ ክፍል ጠፋ። አንዱን ኬንያዊ፣ ልጄን እንዳዘልኩ፣ በቅርቡ ከጎንደር ወደ ሰፈራችን የመጡት እትዬ ዘውዴ ዘንድ ወሰድኩት። ካከራዩት ምግቡን እኔ ላበስልለት ተስማምተናል፤ ልጅ አዝዬ ሥራ ፍለጋ መዞር ሰልችቶኛል።

«ምንድን ነው የሚማረው?» አሉኝ። ድካም ነው መሰል፣ ኦሮምኛው ቀደመኝና «ዓለም አቀፍ ሴራ» አልኳቸው።

«የአገሩ ሴራ አንሶን የዓለሙን ደጄ ድረስ ታመጪብኛለሽ?»

«ኧረ እትዬ! በኦሮምኛ ሴራ ማለት ሕግ ነው። ሕግ ነው የሚማረው።»

ተማሪውን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና «ሕግማ ከሆነ የባሰ ነው! ጣሪያው ባፈሰሰ ቁጥር ሊከሰኝ?» ብለው በሩን ዘጉት።

በሰባራ አማርኛው «ምን አሉ?» አለኝ።

«ቤቱ ያፈሳል አሉ» አልኩትና ልጄን ሽቅብ ሳብ አድርጌ ወደሚቀጥለው በር መራሁት።