ጥጃውን ለማስመለስ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስንወርድ፣ ከኋላዬ የተቀመጡት አንዲት ሴትዮና አንድ ሽማግሌ የሚተዋወቁ አይመስሉም ነበር።

«ለቅሶ ልትደርሺ ነው ልጄ? ዓይንሽ አብጧል።»

«አይደለም አባባ። ላሜ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።»

«ታመመች?»

«እንደወለደች ጥጃውን ወስጄ ኮምቦልቻ ላለው ወንድሜ ሰጠሁት፤ ወተቱ ይተርፈናል ብዬ። እሷ ግን በረቱ በር ላይ ቆማ እምቧ ስትል ውላ ታድራለች። ድምጿ ሰለለ፤ ሳሩንም አትነካም።»

«ትረሳዋለች ብለሽ ነበራ?»

«ሁሉም እንደዚያ ነበር ያለኝ። ወላሂ፣ ላልባት ስቀርብ እጄን አሽትታ ወደ መንገዱ ታያለች።»

«እና አሁን?»

«ላስመልሰው ነው የምሄደው። ከእናቱ ጋር ይደግ። እሱ ጠብቶ የተረፈውን አልባለሁ።»

«ወንድምሽ እሺ ይላል?»

«በስልክ ብነግረው ‹የሰጠሽኝን መልሰሽ ልትቀሚኝ ነው?› ብሎ ዘጋብኝ። እውነቱን ነው፣ ያሳፍራል። ግን የእሷን ጩኸት እሱ አልሰማውም፤ እንዴት አድርጌ ላስረዳው?»



«ሽማግሌ ይዘሽ ከሄድሽ በሩን አይዘጋብሽም። አብሽሪ፣ እኔ አብሬሽ እገባለሁ።»

«እርስዎ ጉዳይ የለዎትም?»

«የእኔ ጉዳይ ነገም ይደርሳል።»

«አያውቁኝም እኮ፣ አባባ።»

«የላሚቱን ነገርሽኝ አይደል? ይበቃኛል።»

ኮምቦልቻ ወርደው ጎን ለጎን ሲሄዱ፣ የራሴን መንገድ ትቼ እስኪታጠፉ ድረስ ቆሜ አየኋቸው።