ፌርፋክስ ላይ ግዳይ ሆኖ ስለቀረበው ማርሊን የተሰጠ ቃል

የምስክሩ ስም፦ ዘርዓብሩክ ይስሐቅ
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ ፓሳዴና በሚገኝ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ኃላፊ
አድራሻ፦ ሎስ አንጀለስ፣ ፒኮ ሮበርትሰን
ቀን፦ ማክሰኞ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2007 ዓ.ም. (ኦገስት 18 ቀን 2015)
ቃሉን በአማርኛ የተቀበለው፦ መርማሪ አንዋር ከማል

እንዳሻው ብርሃነመስቀልን ለስድስት ዓመት ያህል አውቀዋለሁ። የሊሞዚን ድርጅት አለው። በመካከላችን ጠብ የለም። ባለፈው ቅዳሜ ወደ ሳንዲያጎ አብሬው የሄድኩት ጋብዞኝ ነው። ዘንድሮ ባሕሩ ከወትሮው ስለሞቀ ማርሊን የተባለው፣ አፉ እንደ ጦር የሾለ ትልቅ ዓሣ ከወደቡ ብዙ ሳይርቅ እንደሚያዝ ሰምቶ ከነካፒቴኑ ጀልባ ተከራይቶ ነበር። የማጥመጃ ፈቃድ ሁለታችንም ይዘናል። ጠዋት የነበረው ጭጋግ ሲገፈፍ ባሕሩ ጸጥ አለ፤ ሙቀቱ ግን ከባድ ነበር።

ከቀኑ አምስት ሰዓት ገደማ እንዳሻው አንድ ማርሊን ያዘ። ርዝመቱ ከእኔ ቁመት ይበልጣል፤ ሲመዘን አላየሁም። ካፒቴኑ እንዲህ ያለው ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ ፎቶ ተነሥቶ እንደሚለቀቅ፣ የሚወሰድ ከሆነ ግን ወዲያው ሆድ ዕቃው ወጥቶ በረዶ ውስጥ መቀበር እንዳለበት ነገረው። እንዳሻው ሁለቱንም አልተቀበለም። ለእኔ በአማርኛ፣ "አያቴ ጎሽ ገድሎ ሲገባ ቆራርጦ በፌስታል ነው እንዴ ያመጣው? ግዳይ ሙሉ አካሉ ነው ለሰው የሚታየው" አለኝ። ዓሣው እስክንመለስ ድረስ ጀልባው ወለል ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተጋድሞ ቆየ።

ወደቡ ላይ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ የድርጅቱ ቫን ውስጥ ጫነው። መንገዱ በመኪና ስለተጨናነቀ ሎስ አንጀለስ የገባነው ሊመሽ ሲል ነው። በመንገድ ላይ ሽታው ተለወጠ። መስኮት ከፍቼ፣ "እንዳሻው፣ ይህ አይበላም፤ ይጣል" አልኩት። "ዶክተር፣ ዘና በል እንጂ! ከባሕር የመጣ ነገር ሽቶ ሽቶ እንዲልህ ነው የምትፈልገው?" ብሎ ሳቀ።

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ፊት ለፊት ፓርክ አድርጎ ዓሣውን በሰው አስይዞ አወረደው። "ዘራፍ! ጦሩን ታጥቆ ከባሕር የወጣውን የጣለ!" እያለ ፎከረ። ዝንብ የዓሣው ዓይን ላይ ሰፍሯል፤ ከሆዱ ቡናማ ፈሳሽ ይንጠባጠባል፤ ሰዎች ጉንጫቸውን አስጠግተው ሰልፊ ይነሣሉ። መጸየፌ ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ሆኖም መጸየፌ እንዲመዘገብልኝ እጠይቃለሁ።

ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ እንደ እናት ወደሚያያቸው ወደ ወይዘሮ የሺሃረግ ግቢ ተወሰደ። ዕድሜያቸው ሰባ አልፏል። እንዳሻው እግራቸው ሥር አስቀምጦ "እትዬ፣ ግዳይዎን ይቀበሉ" ሲላቸው "እሰይ የኔ አንበሳ!" ብለው መረቁት። እዚያው ተቆርጦ በሚጥሚጣ ተጠበሰ። እንዳይበላ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። አንድ ሰው "ፕሮፌሰሩ ዛሬ ደግሞ ጤና ቢሮ ሆነ!" ሲል ሁሉም ሳቁ። ጊዜው ፍልሰታ ስለሆነ፣ ዓሣ ጾም አይገድፍም የሚሉት በሉ፤ ይገድፋል የሚሉት ድርሻቸውን በፌስታል ይዘው ወደየቤታቸው ሄዱ።

ወይዘሮ የሺሃረግ "ምላሴን ለበለበኝ" አሉ። ዓሣውን የጠበሰችው ትርሲት "ሚጥሚጣው ነው እትዬ" አለቻቸው። በሙያዬ እንደማውቀው፣ ይህ ዓይነት ዓሣ ሙቀት ላይ ሲቆይ የሚፈጠርበት መርዝ ምላስ ያቃጥላል፤ እሳትም በረዶም አያጠፋውም። እንዳሻው ወይዘሮ የሺሃረግን በእጁ ሲያጎርሳቸው አይቻለሁ። እሱ ራሱ አልቀመሰም። ለምን ብዬ ስጠይቀው "ገዳይ የገደለውን አይበላም" አለኝ። እንዲህ ያለ ልማድ ሰምቼ አላውቅም። ዓሣው መበላሸቱን ያውቅ ነበር ብዬ መመስከር አልችልም፤ ያለውን ብቻ እመሰክራለሁ።

ብዙም ሳይቆይ የበሉት ሰዎች ፊታቸው ቀላ፤ አስመለሳቸው። ወይዘሮ የሺሃረግ ወደቁ። አምቡላንስ ሲመጣ እንዳሻው "የደም ግፊት አለባቸው" ብቻ ሲል፣ ስለ ዓሣው የተናገርኩት እኔ ነኝ። ወይዘሮ የሺሃረግ እስከ ዛሬ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ሰው አይለዩም። በማግስቱ እንዳሻውን ፌስታሎቹን እነማን እንደወሰዱ ብጠይቀው "ሰው አታሸብር" ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ።

ትናንት የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሼ ወልዴ ቤቴ መጡ። "ልጄ፣ ይኼ በሽምግልና ያልቃል። ዓሣው ደኅና ነበር በል፤ የሺሃረግም ትነሣለች" አሉኝ።

"ጋሼ፣ እርስዎስ ቀምሰዋል?" አልኳቸው።

"እኔ? በጾም ዓሣ! ፍሪዘር ውስጥ ነው ያለው። ቅዳሜ ሲፈታ የልጅ ልጆቼን አበላበታለሁ።"

እንዲጥሉት ለመንኳቸው። "እግዜር የሰጠው አይጣልም" ብለው ተቆጥተው ወጡ። ከሄዱ በኋላ ለልጃቸው ስልክ ደወልኩ፤ አላነሣችም። ሌሎቹ ፌስታሎች በየትኞቹ ቤቶች እንዳሉ አላውቅም፤ የሚያውቀው እንዳሻው ነው። ጾሙ የሚፈታው ከአራት ቀን በኋላ ነው። ሽምግልናውን ትቼ ዛሬ እዚህ የመጣሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ ፖሊስ ከእኔ ቃል አስቀድሞ የጋሼ ወልዴን አድራሻ እንዲመዘግብ አመልክቻለሁ።

ከላይ የሰፈረው ተነቦልኝ የእኔ መሆኑን አረጋግጫለሁ። ያየሁትን ከገመትኩት ለይቼ ተናግሬአለሁ፤ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ ልጠየቅበት ፈርሜአለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ዘርዓብሩክ ይስሐቅ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ አንዋር ከማል