የደማዚን ማንጎ

ከአሶሳ ገበያ በተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ አንድ ወጣት ስልኩን እየነካካ ቆየና አጠገቡ ወደተቀመጡት ሽማግሌ ዞረ።

«አባባ፣ ሱዳን ደማዚን ድረስ በአውሮፕላን ግማሽ ሰዓት አይሞላም ይላል እኮ!»

«ደማዚን? ወላሂ? እህቴ እዚያ ነው ያገባችው።»

«እርስዎ በምን ነበር የሚሄዱት?»

«በጭነት መኪና፣ ድንበሩ ላይ ባለችው በኩርሙክ አድርገን። መንገዱን የምንለካው በማንጎ ነበር።»

«በማንጎ? እንዴት?»

«ጥሬውን ከዛፍ አውርደን እንጭናለን። መኪናው ጭቃ ሲይዘው፣ መንገድ ላይ ስናድር፣ እሱ ይበስላል። እህቴ ደጅ ስንደርስ ሽታው ይቀድመናል። ገና ሳታየኝ ‹ወንድሜ መጣ› ትላለች።»

«በአውሮፕላን ቢሄዱስ?»

«ጥሬውን ይደርሳላ! በምን ታውቀኛለች?» ብለው ሳቁ።

«አሁንስ ትጠያየቃላችሁ?»

«እዚያ ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ድምጿንም አልሰማሁ።»

ወጣቱ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ታዲያ አሁን ወዴት ነዎት አባባ?»

«መናኸሪያ። ወደ ኩርሙክ የሚሄድ ሰው አይጠፋም፣ ኢንሻላህ።»

ስወርድ ጉልበታቸው ላይ ያቀፉትን ፌስታል አየሁት፤ ውስጡ ያለው ማንጎ ሁሉ ገና ጥሬ ነበር።