ሦስተኛው ትራንዚስተር

ዳንግላ ጥገና ቤቴ ውስጥ የአንድ ብየዳ ማሽን ሦስተኛው ትራንዚስተር ጧ ብሎ ፊቴ ላይ ፈነዳ። ማሽኑን ከጥሊሊ ይዛ የመጣችው በያጅ አጠገቤ ቆማለች፤ ዛሬ የምታስረክበው በር አለባት።

«ምን አድርገህበት ነው?» አለችኝ።

«የመጀመሪያው ሲቃጠል ፈራሁና ከፊቱ ያለውን ኤሌክትሪክ የሚገታ ትንሽ ሬዚስተር በትልቅ ቀየርሁ። በሰከንድ ስንት ሺህ ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ ነገር ነው፤ ቀስ ብሎ ቢበራ አይጎዳም ብዬ።»

«እኔ ስስ ላሜራ ስበይድ እጄ ካመነታ ላሜራው ይበሳል። ያንተስ እየተንቀረፈፈ ሲበራ አይነድም?»

ክው አልሁ። ለካ ትራንዚስተሩን የሚያግለው ሳይበራም ሳይጠፋም መሀል ላይ የሚቆይባት ቅጽበት ናት! ትልቁን ነቅዬ የድሮውን ትንሽ ሬዚስተር መለስሁና አራተኛውን ትራንዚስተር ገጠምሁ። ማሽኑ ሠራ፤ እሷም ተሸክማው በረረች።

የመጀመሪያውስ በራሱ ጊዜ ነው የሄደው። ሁለቱን የገደልኋቸው እኔ ነኝ፤ እንዳይጎዱ ብዬ።