ካፒቴን ለማውረድ የተላከ ሽማግሌ

ነይ ልጄ፣ ወደዚህ ጠጋ በይ፣ መስኮቱን ዝጊውና። የዳስ በዓል አልፎ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ባሕሩ እንዲህ ነው የሚጮኸው፣ ሮቫ ቤት፣ እዚህ ሰፈራችን ድረስ ይሰማል። በእኛ ጊዜ፣ ጎንደር ሳለን ማለቴ ነው፣ ለትልቅ ሰው ከባድ ነገር የሚነገረው በሽማግሌ ነበር፤ ታዲያ አሽዶድ መጥቼም ሌላ መላ አላውቅም።

ሳባሽ ኒሲም፣ የእናትሽ አባት፣ ካፒቴን ሳለ አንቺ ገና በጀርባ ነበርሽ። ጀልባዋ የአባቱ ነበረች፣ እሱም አርባ ዓመት መሪዋን ለሰው አላስነካም። አባትሽ ዳኒ፣ የእኔ ልጅ፣ እናትሽን ሲያገባ እዚያው ጀልባ ላይ ገባ፣ መረብ ሳበ፣ በኋላም ሪሺዮኑን፣ የካፒቴንነቱን ፈቃድ አወጣ፤ ግን ፈቃዱ በዳኒ ኪስ፣ መሪው በኒሲም እጅ።

ታዲያ አንድ ቀን ዓሣ ልቀበል ወደቡ ሄጄ ሳየው፣ ኒሲም ዓሣውን ሲለይ አያየውም፣ ይዳስሰዋል! ቅርፊት ያለውን በጣቱ፣ ቅርፊት የሌለውን፣ የማንበላውን፣ እሱንም በጣቱ። ይኼ እኮ በዓይን የሚለይ ነገር ነው! ዳኒን "ዓይኑ ደክሟል አይደል?" ብለው "እማዬ ዝም በይ" አለኝ። እናትሽን ብጠይቃት "ዝም በይ"። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ዝም።

እና በሳምንቱ፣ ጧት ወደ ወደቡ ሲመለሱ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ነች፣ ኒሲም ጀልባዋን ከድንጋዩ ግድብ ጋር ሊያላትማት ሲል ዳኒ ዘሎ መሪውን ጠመዘዘው። ኒሲም ምን ቢል ጥሩ ነው? "ማዕበሉ ገፋኝ!" ባሕሩ እንደ ወተት በረጋበት ቀን!

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለኝም። የሰፈራችን ሽማግሌዎች፣ አባ ይርጋና አባ መኮንን ዘንድ ሄጄ "ሽምግልና ይሂዱልኝ" አልኩ።

"ሙሽራይቱ ማን ናት?" አሉ አባ ይርጋ።

"ሙሽራ የለችም አባ፣ ካፒቴን ልናወርድ ነው።"

ሣቁብኝ። ግን አልቀሩም፣ ሄዱ።

ነጭ በነጭ ለብሰን፣ እነሱ ዱላቸውን ይዘው፣ ሮቫ ዛይን የሚባለው ሰፈር ከአውቶቡስ ወርደን የኒሲምን በር አንኳኳን። የኒሲም ሚስት ራሔል ከፍታ አየችንና ኡኡ! "ማን ሞተ? ማን ሞተ?" እኛ አገር ሽማግሌ ደጅ ሲቆም ልጅ ሊጠይቁ መጡ ይባላል፤ እሷ ግን ወጋችንን የት ታውቃለች፣ መርዶ ነጋሪ አደረገችን። ወንበር ስታመጣ ደግሞ አንቀመጥም፤ ወግ ነዋ፣ ጉዳዩ ሳይሰማ ሽማግሌ ይቀመጣል? አለመቀመጣችን ጭራሽ ባሰባት።

ኒሲም ግድግዳውን እየዳበሰ ወጣ። ጉንፋን ይዞት እቤት ቀርቶ ነው፣ ያን ቀን ባሕር የወጣው ዳኒ ነበር። ፊቱ ዐመድ መሰለ። "ዳኒ ነው? ልጄ ምን ሆነ?" አለ። ልጄ አለው፣ ሰማሽ? ልጄ።

አባ ይርጋ ጉሮሯቸውን ጠርገው ከአዳም ሊጀምሩ ነው፣ እኔ ቀደምኳቸው። በዚያ በተሰባበረ ዕብራይስጤ "ዳኒ ደኅና ነው። ግን አሁን የደነገጥከውን ድንጋጤ፣ አንተ መሪውን ይዘህ በወጣችሁ ቁጥር እኔ እደነግጠዋለሁ" አልኩት።

ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ። "ማን ማን ያውቃል?" አለ።

"ሁሉም።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ስለሚወዱህ።"

"አንቺስ አትወጂኝም?"

"እወድሃለሁ። ግን ልጄ ጀልባዋ ላይ ነው።"

እጁን ዘርግቶ ወንበር ፈለገና ተቀመጠ። "መሪውን ለዳኒ እሰጣለሁ፤ ከወደቡ ግን ማንም አያስቀረኝም" አለ። አባ መኮንን "ይሁን" አሉ። ያኔ እኛም ተቀመጥን።

ከዚያማ ኒሲም አንድ ዓይኑን ኦፕራሲዮን ተደረገ፣ ትንሽ ትንሽ ያይ ነበር፤ ጧት ጧት ወደብ ተቀምጦ መረብ ሲጠግን ኖሮ አምና ዐረፈ። አባ ይርጋ ቀደሙት። አባ መኮንን ደኅና ናቸው፣ እግራቸው ነው እምቢ ያለው። ራሔል ከእናትሽ ጋር ናት። አባትሽም ይኸው ካፒቴን ነው፣ ዛሬም በማለዳ ወጥቷል። ዓይን ያለው ካፒቴን ሆነልኝ ብዬ ያረፍኩ መስሎሽ? አንድ ቀን አላረፍኩም፣ ሃ ሃ! አንድ ቀን።