ቀዩ ወገን

በአንዲት የጎጃም ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ፤ ነገ በጡረታ የሚሰናበተው መምህር አያልነህና የቀድሞ ተማሪው ወጣቱ መምህር ቢተው፣ አብረው በሠሩት፣ ዓይን የማያያቸው ቅንጣቶች በውስጡ በሚፈጠር ጉም ላይ መስመር ጥለው በሚያልፉበት የመስተዋት ሣጥን ፊት ቆመዋል። ከሣጥኑ ሥር ያለው ማግኔት የቅንጣቶቹን መንገድ ያጥፋል።

አያልነህ፦ እጅህን አንሣ! እንዳለ ተወው።

ቢተው፦ አቧራውን ልጥረግ ብዬ ነው፣ ጋሼ። ነገ እንግዶች ይመጣሉ።

አያልነህ፦ አቧራው ከማግኔቱ ሥር ነው እንዴ?

ቢተው፦ የምን ማግኔት?

አያልነህ፦ የዓይኔ ፋሻ ዛሬ ጠዋት ተፈቷል። ከሐኪሙ ዘንድ በቀጥታ እዚህ መጣሁ። መጀመሪያ ላየው የፈለግኩት ይሄን ሣጥን ነበር።

ቢተው፦ እሰይ! እንኳን እግዚአብሔር ማረዎት።

አያልነህ፦ ማግኔቱ ላይ ቀይ የቀባሁት ወገን ታች ነው፣ ቢተው። ጉሙን ከመሥራታችን በፊት ምን ነበር የምልህ?

ቢተው፦ «ቀዩ?»

አያልነህ፦ አንተስ?

ቢተው፦ «ላይ ነው።»

አያልነህ፦ ዓይኔ ሲፈዝ በአንተ ዓይን ነበር የማየው።

ቢተው፦ የመስመሯን ፎቶ ያነሣን ቀን፣ ሣጥኑን ሳጸዳ ማግኔቱን ገልብጬ መልሼዋለሁ። ሲጠይቁኝ ሳላይ፣ እንደለመደብኝ መለስኩ። ስህተት ነው።

አያልነህ፦ ስህተቱን ተወው። መቼ አወቅክ?

ቢተው፦ ፎቶውን አንስተን ክዳኑን ስከፍት።

አያልነህ፦ ያኔ እኔ የት ነበርኩ?

ቢተው፦ እዚሁ። ፎቶውን ዓይንዎ ሥር ለጥፈው «ፖዚትሮን! ሳልሞት አየሁት!» እያሉ ያለቅሱ ነበር። እንዴት ልንገርዎት?

አያልነህ፦ በአፍህ።

ቢተው፦ አንጀቴ አልቻለም።

አያልነህ፦ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቹን ፎቶው በተሰቀለበት እዚህ ግድግዳ ሥር አቆምኳቸው። «ይቺን መስመር እዩ፤ መሐል ያቆምነውን የእርሳስ ብረት አልፋ ወጣች፣ ጉልበቷ ስለቀነሰ ይበልጥ ታጠፈች። ስለዚህ ከየት ወዴት እንደሄደች እናውቃለን። ወደ ቀኝ ትታጠፋለች፤ ኤሌክትሮን ብትሆን ወደ ግራ ነበር» አልኳቸው። ማግኔቱ ከተገለበጠ ግን ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ማነው?

ቢተው፦ ኤሌክትሮን።

አያልነህ፦ ኤሌክትሮንማ በየአምፖሉ ሽቦ ሞልቷል።

ቢተው፦ ፖዚትሮን ውሸት አይደለም እኮ፣ ጋሼ። በክብደት ልክ እንደ ኤሌክትሮን፣ በቻርጅ ተቃራኒው ነው። ያስተማሩት ሁሉ እውነት ነው። ፎቶው ብቻ...

አያልነህ፦ የቁስ ተቃራኒ መኖሩ መጀመሪያ የታወቀው እንዲህ ባለች አንዲት መስመር ነው። ያየው ሰው ማግኔቱ እንዴት እንደተቀመጠ ያውቅ ነበር። ከሙዝ ውስጥ እንኳ አልፎ አልፎ ፖዚትሮን ይወጣል። ሙዝ ሻጯ ከእኛ ትሻላለች፤ አየሁ ብላ አልዋሸችም።

ቢተው፦ ለእርስዎ ደስታ ብዬ ነው የደበቅኩት።

አያልነህ፦ ዩኒቨርሲቲው በመምህርነት የወሰደህ ምን አሳይተሃቸው ነው?

ቢተው፦ ጋሼ...

አያልነህ፦ ምን አሳይተሃቸው?

ቢተው፦ ፎቶውን።

አያልነህ፦ ደስታው የማን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ዓመት ሙሉ ማግኔቱን ለምን አላስተካከልከውም?

ቢተው፦ እጄ እምቢ አለኝ። ካስተካከልኩት ስህተት መሆኑ ይቀርና ውሸት ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

አያልነህ፦ ዛሬ ግን እጅህ እሺ አለህ።

ቢተው፦ ነገ እንግዶቹ ይከፍቱታላ! ከእኔና ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም። እባክዎ፣ ነገን ብቻ እንለፈው። የመሰናበቻ ቀንዎ ነው፤ ተማሪዎቹ ሁሉ ይመጣሉ።

አያልነህ፦ ለዚህ ነው የማላልፈው። ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ሲገናኙ ሁለቱም ጠፍተው ብርሃን ይወጣል ብዬ ነበር ያስተማርኩህ። እኔና አንተ ይህን ያህል ዓመት ተገናኝተን ምን ወጣ?

ቢተው፦ ይምቱኝ፣ ይስደቡኝ። ምን ላድርግ?

አያልነህ፦ ነገ እንግዶቹም ተማሪዎቹም ባሉበት፣ እንደ ልማዳችን እጠይቅሃለሁ። አንተ ትመልሳለህ።

ቢተው፦ ሥራዬን አጣለሁ እኮ፣ ጋሼ!

አያልነህ፦ አሁን እንለማመድ። ቀዩ?

ቢተው፦ ታች ነው።

አያልነህ፦ ጮክ በል። የነገው አዳራሽ ሰፊ ነው።